እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ

ጳጉሜ አምስት ማታ፣ ከፖስታ ቤቱ ማዶ፣
አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ሊፍቱ ከቆመ ወር ባለፈው ሕንፃ፣
ሦስት ሰው ቀረን፤ እኔ፣ ትርሲት፣ ጥበቃው ጋሽ ሙሉሰው።
ታች ቸርችል ጎዳና በዝናብ ይታጠባል፤
ዶሮ ያንጠለጠለ ሰው ታክሲ ይለምናል፤
ዓመቱ ሊያልቅ ሰዓታት ቀርተውታል፤
የእኛ መልእክት ግን ይሄዳል፣ ይመለሳል።

«ሠላሳ ሲሊንደር ኦክስጅን፣ ለሆስፒታል፤
ቁጥሩ ይኸው፣ ዋጋው ይኸው፣ ቀኑም ጳጉሜ አምስት» ብለን ብንልክ፣
ሜክሲኮ ያለው የባንኩ ኮምፒውተር ገልጦ አየና
«አሥራ ሦስተኛ ወር የለም» ብሎ መለሰው።
የለም!
እኛ እዚያው ወር ውስጥ ተቀምጠን፣
ሻያችን እዚያው ወር ውስጥ ቀዝቅዞ።
በየመስኮቱ «ሲስተም የለም» ሲባሉ የኖሩ ሰዎች ነን፤
ዛሬ ደግሞ ሲስተሙ በተራው እኛን «የለም» አለን።

አቶ ደባልቄ ቢኖር ይስቅ ነበር።
ሃያ ስድስት ዓመት የዚህ ቤት ተላላኪ፣
ቡኒ ፖስታ በብብቱ፣ ከለገሃር ፒያሳ በእግሩ የሚወጣ፣
ጠርዟ ከተበላ ጥቁር መዝገብ በቀር አለቃ ያልነበረው።
ሰላምታው «እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ» ነበር።
«ሰጥቻለሁ» አይልም፤ «ተቀብለዋል» ይላል፤
ያልተፈረመ ወረቀት ለሱ ከቤት ያልወጣ ነው።
አዲስ ተቀጣሪ ሳለሁ፣ አንዱን ሂሳብ ሁለት ጊዜ ወሰደው፣
ፊርማው በዝናብ ቢጠፋበት።
«ሁለቴ ቢከፍሉስ?» ብዬ ስጨነቅ
ጣቱን ቁጥሩ ላይ አሳርፎ፣
«ቁጥሩ አንድ ነው፣ ልጄ፤ እንግዳ በሁለት በር ቢገባ ሁለት ሰው አይሆንም» አለኝ።

ይህንኑ ነገር በወፍራም ሰነድ፣ በአንቀጽና በንዑስ አንቀጽ፣
ባሕር ማዶ ተጨቃጭቀው የጻፉ አሉ፤
አንዳቸውም ደባልቄን አያውቁትም።

ባለፈው ክረምት አንድ ባለ ሰማያዊ ከረባት መጥቶ ነበር፤
«መልእክታችሁ በኛ ቋንቋ ይሂድ፤ ለቃሉ በየወሩ ትንሽ ትከፍላላችሁ።»
ስብሰባው ጸጥ አለ። አንድ ሰው ስኳር ያማስላል።
ትርሲት ብቻ፣ ቀና ሳትል፦
«"ሀ"ን የሚያከራይ ሰው አይተው ያውቃሉ?»

እኔ ሌላ ነገር ነበር ትዝ ያለኝ፦
እናቴ ጨርቅ ሻጭ፣ ክንዷ አጭር ነበረ፤
ደንበኛው አጎቴን ሲጠብቅ ኖረ፤
የሱ ክንድ ረጅም፣ ትርፉ ለገዥ ነዋ!
አንድ ቀን የእንጨት ሜትር ገባች ከሱቋ።
«የማን ክንድ ናት?» ቢሏት፣ «የማንም» አለች፤
የማንም በመሆን የሁሉም ሆነች።
(አጎቴ ግን ያን ቀን ምሳ አልበላም።)

ትርሲት ሰነዱን ገለጠች፤ ለማንም ክፍት ነው፣ በነፃ ይነበባል።
ጥቂት ቆየች። አንድ መስመር ቀየረች፦
መንገድ ላይ «ሴፕቴምበር አሥር» ይባል፤
እዚህ ስክሪኑ ላይ፣ እዚያም ሒሳብ ሹሟ ፊት፣ ጳጉሜ አምስት ይነበብ።
«የሰው ኮት አለበስነው» አልኳት።
«ዝናብ ነዋ» አለች። «ቤት ሲገባ ያወልቃል።»
ሙሉ በሙሉ አላመንኳትም። አሁንም አላምናትም።
ግን ኦክስጅን ክርክር አይጠብቅም፤ ላክነው።

አራት ሰከንድ።
«ደረሰ።»

«ምኑ ነው የደረሰው?» አለ ጋሽ ሙሉሰው ከበሩ።
«ወረቀቱ።»
«ገንዘቡስ?»
«ደረሰ ማለት ተከፈለ ማለት አይደለም፣ ጋሼ።»
«ታዲያ ምን ያስፈነድቃችኋል?»

መልስ አልነበረኝም። መሳቢያውን ሳብኩት፤
ጥቁሯ መዝገብ ከማስታወሻዎች ሥር ተኝታለች።
መጨረሻው ገጽ ላይ፣ ጡረታ በወጣበት ሳምንት፣
ቀን አለ፣ ቁጥር አለ፣ የፊርማው ቦታ ባዶ ነው።
ለማን እንደነበር ቀለሙ ደብዝዟል።
ዝናቡ ሲያባራ እስክሪብቶ አነሣሁ፤
ከዚያ መልሼ አስቀመጥኩት።